ዜኖቢያ ምድጃውን ያጠፋች ዕለት

ዜኖቢያ ጊሻርን ያወቅኋት በአንሶላ ነው። ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ካለ አንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት፣ ላውንደሪ ስቀጠር እኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ እሷ አርባ አንድ። ትልቅ አንሶላ ለማጠፍ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። እኔን ከሷ ጋር መደቡኝ። ክንዷ ረጅም ነው፤ አንሶላውን አንዴ ስታራግፈው ነፋሱ ፀጉሬን ይበትነው ነበር። ሦስተኛው ላይ ስንደርስ ስሜን ጠየቀችኝ።

«ኦላ ሜይ» አልኳት።

«ኦላ ሜይ፣ የያዝሽው አንሶላ ነው፣ ሕፃን አይደለም። ጠበቅ አድርጊው።»

የተወለደችው እዚሁ ከተማ፣ ትሬሜ ሰፈር ነው። አባቷ ግድግዳ ለሳኝ ነበሩ፤ ታላቅ ወንድሟ አልሲድም ያንኑ ሙያ ያዘ። አባትየው ከሙያው ሌላ ለልጃቸው የተዉለት ማኅበራቸውን ነው፤ «የማለዳ ወንድሞች» ይባላል። ሰው ሲታመም የሚጠይቅ፣ ሲሞት በጥሩንባና በከበሮ የሚቀብር፣ በዓመት አንድ እሑድ ደግሞ አምሮና ደምቆ አደባባይ የሚወጣ ማኅበር ነው። እድር በሉት፤ ግን የሚጨፍር እድር። በዚያች እሑድ ማኅበርተኞቹ አንድ ዓይነት ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ አንድ ዓይነት ጫማ ተጫምተው፣ የላባ ማራገቢያ ይዘው ከፊት ይሄዳሉ። የሙዚቃ ባንዱ ይከተላል። ከባንዱ ኋላ ሰፈሩ በሙሉ ይግተለተላል። ከፊት የሚሄዱት ወንዶች ናቸው። በሌላ ሰፈር ሴቶቹም የራሳቸው ማኅበር ነበራቸው፤ በኛ ሰፈር ግን የሴት ድርሻ ዓሣ መጥበስ ነበር።

ዜኖቢያም ስትጠብስ ኖረች። ከሃያ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ በየኅዳሩ፣ ከዓርብ እስከ እሑድ፣ ማኅበሩ ከሚሰበሰብበት መጠጥ ቤት ጓሮ፣ ማዕድ ቤት ውስጥ ናት። ሰልፉ ሲያልፍ ከማዕድ ቤቱ መስኮት የሚታየው የጎረቤት ግንብ ብቻ ነው። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የወንድሜን ሰልፍ ሰምቼዋለሁ፤ አይቼው ግን አላውቅም» ትለን ነበር።

ያን ዓመት እኔም ድንች ልልጥ ገብቼ ነበር። የአልሲድ ሚስት ኦዲል ትልቁን ድስት ታማስላለች፤ ዜኖቢያ ዓሣውን በዱቄት እያለወሰች ዘይት ውስጥ ትከታለች። ከሩቅ ትልቁ ከበሮ ተሰማ። ቀረበ። የድስቱ ክዳን መንቀጥቀጥ ጀመረ። ዜኖቢያ ቀና ብላ አዳመጠች። ከዚያ ጎንበስ አለችና ምድጃውን አጠፋችው፤ አንዱን ብቻ ሳይሆን ሦስቱንም። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ወጣች።

ተከትያት እስከ በሩ ሮጥኩ። ዱቄት በዱቄት እንደሆነች ከወንድሟና ከባንዱ መሐል ገባችና ጨፈረች። ብዙ ጨፋሪ አይቻለሁ፤ እሷ ግን መሬቱን የምትረግጠው ዕዳ እንዳለበት ሰው አልነበረም፤ የራሷ እንደሆነ አድርጋ ነው። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልሞላም። አልሲድ እጁን አነሳ። ጥሩንባው ቀጥ አለ።

«ዜኖቢያ!» አለ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብሎ። «ዓሣው እያረረ ነው!»

መንገዱ በሳቅ አውካካ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እኔም ከሐፍረት ብዛት ሳቅሁ።

እሷ አልሳቀችም። «አላረረም፤ አጥፍቼው ነው የመጣሁት» አለችው። ዞር ብላ ተመለሰች። ምድጃውን ለኮሰች። የቀረውን ዓሣ እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ጠበሰች፣ መጥበሻውን አጠበች፣ ሽርጡን ከምስማሩ ላይ ሰቀለች። «ይህን ሽርጥ የፈለገ ይውሰደው» አለችና ወደ ቤቷ ሄደች።

ሰኞ ጠዋት ላውንደሪው ውስጥ ማሽኖቹ ሲጮሁ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ከኔ ጋር የሚሄድ ማነው?» አለች።

«ወዴት?» አለች ፐርሊ። ፐርሊ ልብስ መተኮሻው ጋ ነው የምትሠራው፤ ሰውነቷ የከበደ፣ ምላሷ የሰላ ሴት ናት።

«ከፊት።»

«ከማን ፊት?»

«ከሁሉም።»

ፐርሊ ካውያዋን አስቀመጠች። «ጫማው ምን ዓይነት ነው?»

ማኅበራችን የተመሠረተው በዚያ ጥያቄ ነው። ዘጠኝ ሆንን፤ ስማችንንም «የሰኞ እመቤቶች» አልነው፤ ሰኞ የልብስ ማጠቢያ ቀን ነዋ። በምሳ ሰዓት ሠላሳ ደቂቃ አለን። አሥሩን ደቂቃ እንበላለን፤ በሃያው በእርጥቡ ሲሚንቶ ላይ እንለማመዳለን። ከበሮ የለንም፤ ትልቁ ማጠቢያ ማሽን ሲሽከረከር የሚያወጣው ድምፅ ግን ከከበሮ አይተናነስም። እኔ እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ሁሉም ወደ ቀኝ ሲሉ እኔ ወደ ግራ።

«አልቻልኩም፣ ሚስ ዜኖቢያ። እኔ ልብስ ልስፋላችሁ።»

«ስፊ። ከሰፋሽ በኋላ ደግሞ ትለብሺዋለሽ። ይልቅ ቀኝ እግርሽን አንሺ። ሌላኛው ነው ቀኝሽ።»

ለልብሱ ሆቴሉ የጣላቸውን የጠረጴዛ ልብሶች ተቆጣጣሪያችንን አስፈቅደን ወሰድን። ፐርሊ በመታጠቢያ ገንዳዋ ውስጥ በብርቱካናማ ቀለም ነክራ አወጣቻቸው። ባሏ ገንዳው በደንብ ሳይታጠብ ገብቶበት ሦስት ሳምንት ሙሉ ጉልበቱ ብርቱካን መስሎ ሰነበተ። «አንተም ማኅበርተኛ ሆነሃል» ትለው ነበር።

የከበደው ባንድ ማግኘቱ ነው። አልሲድ ወሬውን ቀድሞ ለቆታል፤ ለሴቶቹ የተጫወተ ለወንዶቹ አይጫወትም። አራት ባንድ ጠየቅን። አንዱ እናቱ ታመሙ፤ አንዱ መኪናው ተሰበረ፤ ሁለቱ በራቸውን እንኳ አልከፈቱም። በመጨረሻ ዜኖቢያ እኔን አስከትላ ሚስተር ፈርዲናንድ ዘንድ ሄደች። ሚስተር ፈርዲናንድ ሰባ አራት ዓመታቸው ነበር፤ በዘመናቸው ትልቁን ከበሮ እንደሳቸው የሚመታ አልነበረም። ከጸጉር ቤቱ ደጃፍ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው።

«ሚስተር ፈርዲናንድ፣ ይመቱልናል?»

«አልሲድ ምን እንዳለ ሰምተሻል፣ ልጄ?»

«ሰምቻለሁ።»

ሽማግሌው ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ። «እኔን አርጅተሃል፣ ታዘገየናለህ ብሎ ካሰናበተኝ ስድስት ዓመቱ ነው። አንድን ሰው ሁለት ጊዜ ማባረር ይቻላል እንዴ?»

በሁለት ሳምንት ውስጥ ስድስት ሰው አሰባሰቡ። ከወደብ ሥራ ጡረታ የወጣ አንድ ሰው ትልቁን ጥሩንባ ያዘ። የቀሩት የቤተ ክርስቲያን ጥሩንባ ነፊዎች ነበሩ፤ ከመዝሙር በቀር የሚያውቁት የለም። ሚስተር ፈርዲናንድ ይህን ሲነግሯት ዜኖቢያ ትንሽ አሰበች። «መዝሙሩን ፈጠን አድርገው ይንፉት» አለች።

የከተማው ፈቃድ ለመጋቢት የመጀመሪያው እሑድ ወጣልን። መንገዱን የነደፈችው ራሷ ናት፤ በወንድሞቹ መጠጥ ቤት በር ፊት ለፊት ያልፋል። አልሲድ ያን ሲሰማ ቤቷ መጣ። እሷና እኔ በረንዳው ላይ ማራገቢያ ላይ ላባ እየሰፋን ነበር። ባርኔጣውን አላወለቀም።

«መንገዱን ቀይሪ።»

«ደህና ዋልክ፣ አልሲድ።»

«ደህና ዋልሽ። መንገዱን ቀይሪ። አባታችን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር?»

«አባታችን እኔ እያገላበጥኳቸው ነው የሞቱት። ምን ይሉ እንደነበር እኔን ነው የምትጠይቀው።»

ከዚያ ድምፁን ለስለስ አደረገ፤ ያን ጊዜ ነው በእውነት የፈራሁት። «ስሚ፣ እህቴ። ሰልፍ ማለት የሚከተል ሰው ነው። የሚከተላችሁ ካጣችሁ ሰልፍ አይደላችሁም፤ መንገድ የጠፋባቸው ሴቶች ናችሁ። ሰው ይስቅብሻል። እኔ አልፈልግም ሰው እንዲስቅብሽ።»

«ኅዳር ላይ አሳቅህብኝ እኮ።»

አልሲድ ባርኔጣውን ወደ ግንባሩ ጎተተ።

«መንገድ ከጠፋብን ደግሞ እንጠይቃለን፤ ሰው ባለበት አገር ነን» አለችው። መርፌዋን ላባው ውስጥ ሰካች። ሲወርድ ደረጃው ሲጢጥ አለ።

እሑድ ደረሰ። ከንጋት ጀምሮ ዝናብ ነው። እኔ ብርቱካናማ ቀሚሴን ለብሼ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። መነሣት አቃተኝ። ማንም አይመጣም፣ ይሳቅብናል፣ ነገ ሥራ ላይ በምን ዓይኔ ሰው አያለሁ እያልኩ ሳመነታ በሩ ሊገነጠል ሆነ።

«ኦላ ሜይ!» ፐርሊ ናት። «ይህ ቀሚስ ጠቦኝ መተንፈስ አልቻልኩም፤ አንቺ ደግሞ ደረጃ ታስወጪኛለሽ? ውጪ!»

ወጣሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ከዜኖቢያ ይልቅ ፐርሊን ፈርቼ ነው የወጣሁት።

ሰልፉ ከሚነሣበት ቤተ ክርስቲያን በር ስንደርስ ከዘጠኛችን የተገኘነው አምስት ነን። የአንዷን ጫማ ባሏ ደብቆታል። አንዷን ፓስተሯ ከለከሏት። ሁለቱ ዝም ብለው ቀሩ። ሰልፉን ሊያጅቡ ሞተር ብስክሌት ይዘው የመጡት ሁለት ፖሊሶች ዞር ዞር ብለው አዩን።

«ይኸው ብቻ ናችሁ?» አለ አንዱ።

«ይኸው ነን» አለች ዜኖቢያ። ማራገቢያዋን ወደ ላይ አነሳች። ሚስተር ፈርዲናንድ መቱ፤ ነፊዎቹ መዝሙራቸውን ፈጠን አድርገው ጀመሩ፤ ሄድን።

የመጀመሪያውን ጎዳና ሳንጨርስ ቀለሙ መውረድ ጀመረ። ዝናቡ ቀሚሳችንን ሲመታው ብርቱካናማው በእግራችን እየወረደ ነጭ ጫማችንን ነከረው፤ ከኛ ኋላ አስፋልቱ ላይ ቀይ መሰል ጅረት ይፈሳል። መጋረጃ ገለጥ አድርገው የሚያዩ አሉ፤ የሚወጣ የለም። የተከተለን አንድ ሰካራምና አንድ ውሻ ነው።

«አንድ ሰውና አንድ ውሻ» አለች ፐርሊ እያለከለከች። «ውሻው እንኳ ምቱን ጠብቆ ነው የሚሄደው፤ ካንቺ ይሻላል፣ ኦላ ሜይ።»

አንገቴን ላዞር ስል ዜኖቢያ በጎን አየችኝ። «ወደ ኋላ አትዪ። በመዞርሽ የሚመጣ ሰው የለም። ቀኝ እግርሽን አንሺ።»

አነሳሁ። ትክክለኛውን ነበር።

መጠጥ ቤቱ ጋ ስንደርስ የማለዳ ወንድሞች በጣራው ክፈፍ ሥር ተደርድረው ቆመዋል። የወሩ ስብሰባቸው ነበር፤ ከጓሮው የምሳ ሽታ ይመጣል። አልሲድ መሐላቸው እጁን አጣጥፎ ቆሟል። የኛ አገር ወግ ነውና፣ ሰልፍ በሌላ ማኅበር በር ሲያልፍ ቆሞ ክብር ይሰጣል። ዜኖቢያ ማራገቢያዋን ዝቅ አደረገች። ባንዱ ቆመ። ጎንበስ ብላ ለወንድሟና ለማኅበሩ እጅ ነሣች። ከዚያ ቀና ብላ፣ «ሚስተር ፈርዲናንድ፣ እስቲ!» አለች።

ከበሮው በዝናቡ ርሶ ድምፁ ታፍኗል። ሽማግሌው ግን ክንዳቸውን እስከ ትከሻቸው እያነሱ መቱት። ዜኖቢያ ጨፈረች። በንዴት አይደለም፤ ወንድሟን ለማሳፈርም አይደለም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከግንብ ኋላ የሰማችውን ሁሉ እግሯ ያውቀው ነበር። ከወንዶቹ አንድ የሳቀ የለም። ያጨበጨበም የለም። እኛ አራታችን ከኋላዋ እየዘለልን፣ እኔ በልቤ፣ «ጌታዬ፣ አንድ ሰው ብቻ ላክልን» እላለሁ።

የጓሮው በር ተከፈተ። ኦዲል ናት፣ የአልሲድ ሚስት፤ በሽርጧ፣ ረጅሙን የእንጨት ማማሰያ እንደያዘች። በወንዶቹ መሐል ሰንጥቃ አለፈች።

«ኦዲል! ወዴት ነው?» አለ አልሲድ።

«ቦሎቄው ሊበስል ምንም አልቀረው» አለችው፤ ማማሰያውን እጁ ላይ አስቀመጠችለት። «እንዳይዝብህ ከሥሩ አማስለው።»

ዝናቡ ውስጥ ገባች። ከኋላዋ ስድስት ሴቶች ከማዕድ ቤቱ ወጡ፤ ሁሉም በሽርጣቸው ናቸው። አልሲድ ማማሰያ ይዞ ቀረ። ከፊት ለፊቱ ቤት አንዲት አሮጊት መስኮት ከፍተው እልል አሉ። በር ተከፈተ፤ ሌላ በር ተከፈተ፤ ሰዉ ጃንጥላውን እየዘረጋ፣ ጃንጥላ የሌለው ላስቲክ ራሱ ላይ እየደፋ ወረደ። ከአውራ ጎዳናው ድልድይ ሥር ስንገባ፣ ዝናብ በማይደርስበት፣ የጥሩንባው ድምፅ ከሲሚንቶው ጋር ተጋጭቶ አስተጋባ። ያን ጊዜ ዜኖቢያ ራሷ ወደ ኋላ ዞረች። የሰው ጎርፍ ነበር። ሁለት መቶ ይሁን ሦስት መቶ እንጃ፤ አልቆጠርነውም። ፐርሊ ቀሚሷ በጎኑ ተተርትሮ በመጨረሻ በደንብ እየተነፈሰች ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ቀና ማለት አይደለም። አልሲድ እህቱን ሁለት ዓመት ከአምስት ወር አላናገራትም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በሁለት አግዳሚ ልዩነት ተቀምጠው አይተያዩም። ኦዲል ከኛ ጋር ተመዘገበች፤ እሱም ሚስቱን አልከለከለም፤ እራቱን ግን ራሱ ማሞቅ ለመደ። ከቀሩት አራት ሴቶች ሦስቱ በዓመቱ መጡ። ጫማዋ የተደበቀባት አልመጣችም፤ ሰልፍ በወጣን ቁጥር ግን በረንዳዋ ላይ ቆማ ታየናለች።

በሦስተኛው ክረምት ኦዲል በድንገት ታመመች፤ በሰባት ሳምንቷ አረፈች። ማኅበርተኛችን ነበረችና የመቅበሩ ድርሻ የኛ ነው። በማግሥቱ አልሲድ የዜኖቢያን በር አንኳኳ። እኔና ፐርሊ እዚያው ነበርን። ባርኔጣውን በእጁ ይዟል።

«የናንተ ሰው ናት» አለ። «ደንቡን አላውቀውም። እኔ የት ልሁን?»

ዜኖቢያ ክንዱን ይዛ አስገባችው። አስቀመጠችው፤ ቡና ቀዳችለት፤ ጠጥቶ እስኪጨርስ ጠበቀችው። «ከኔ ጋር ትሄዳለህ» አለችው። በቀብሩ ቀን ሁለቱ ከአስከሬኑ ፊት፣ በዚያ በዝግታው የቀብር እርምጃ፣ ጎን ለጎን ሄዱ። ከመቃብር ስንመለስ እንደ ደንባችን ባንዱ ምቱን ሲያፈጥነው አልሲድ መጨፈር አልቻለም፤ ያለቅስ ነበር። እሷ ስለ ሁለቱም ጨፈረች።

ላውንደሪው በኋላ ተዘጋ፤ ሆቴሉ አንሶላውን ውጪ ማሳጠብ ጀመረ። ከተማዋን ያጥለቀለቀው ትልቁ ጎርፍ ሲመጣ ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ ተበተነ፤ ፐርሊ ተሰዳ ሂዩስተን ከተማ ቀረች፤ እኔ ስምንት ወር በሰው ቤት ኖርኩ። ዜኖቢያ በተዋሰችው የጭነት መኪና ከሁላችን ቀድማ ተመለሰች። የቤቷ ግድግዳ እስከ መስኮቱ ሻግቶ ነበር። ወንድሟ በሰባ ዓመቱ ግድም መለሰኛውን ይዞ መጣና ለሰነላት። እሷ ደግሞ እዚያው የሻገተው ቤት ደረጃ ላይ ተቀምጣ እየደወለች፣ «ማን አለ? ስንት ነን?» ትል ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ሆነን ወጣን። ፈቃዱን ለማውጣት እንኳ ለአሥራ አንድ ቀን ተመላልሳለች።

ዛሬ አርባ ስድስት ነን። ዜኖቢያ ሰማንያ ሦስት ሞልቷታል፤ ጉልበቷ አልቋል። ዘንድሮ ከሰልፉ ሁለት ሳምንት በፊት ሐኪም ዘንድ የወሰድኳት እኔ ነኝ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ የጉልበቷን የራጅ ፎቶ እያሳየ፣ «ሚስ ዜኖቢያ፣ በዚህ ጉልበት ሁለት ኪሎ ሜትር መሄድ አይታሰብም» አላት።

«አንድስ?»

«አንድም።»

«እሺ፣ ግማሽስ?»

ተከራክረው ተከራክረው ሦስተኛው የመንገድ ማዕዘን ድረስ ብቻ እንድትሄድ ተስማሙ። እሑድ ለት ቢጫ ሙሉ ልብሷን ለብሳ፣ ማራገቢያዋን ይዛ፣ ሦስቱን ማዕዘን ከፊታችን ሄደች። ሦስተኛው ላይ ቆመች። ከአንድ ቤት ወንበር አወጡላት፤ ተቀመጠች፤ ላቧን ጠረገች። እኛም ባንዱም ጠቅላላ ዙሪያዋን ከበን ቆምን፤ ያለሷ እንዴት እንደሚኬድ የሚያውቅ አልነበረም።

ማራገቢያዋን ወደ መንገዱ አወናጨፈችው።

«ምን ታዩኛላችሁ?» አለች። «ሂዱ እንጂ!»

ሄድን።